ዘይት የሚበላ አሮጌ መኪና፦ እየጨመሩ መንዳት፣ ጎሚኒ መቀየር፣ ሞተር ማውረድ ወይስ መሸጥ?

ዘይት የሚበላ መኪና ጋራዥ ሲገባ ቶሎ የሚሰጠው ፍርድ «ሞተሩ ይውረድ» ነው። ፍርዱ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ያው ሰማያዊ ጭስ ከተደፈነ የጋዝ መተንፈሻም፣ ከደረቀ የባልቮላ ጎሚኒም (በባልቮላው ግንድ ላይ ዘይት የሚያግደው ላስቲክ)፣ ከተጣበቀ ፋሻም (የፒስቶኑ ቀለበት)፣ ከተበላ ሲሊንደርም ይመጣል፤ የአራቱ ወጪ ደግሞ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ዘይቱ በየት በኩል እንደሚሄድ ማወቅ ይቀድማል። እዚህ የምናነጻጽረው በዋናነት ከ200 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሮጡ የቤንዚን መኪኖችን፣ ማለትም ኮሮላ፣ ቪትዝ፣ ያሪስና የመሳሰሉትን ነው። ስለ ናፍጣ መኪና ወደ መጨረሻው ለብቻው አስቀምጠናል።

መጀመሪያ ይለካ

«ዘይት ይበላል» ብቻውን ምንም አይነግርም። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁማችሁ፣ ሞተሩ ከጠፋ ከ10 ደቂቃ በኋላ ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ድረስ ሙሉና ኪሎ ሜትሩን ጻፉ። ከዚያ የምትጨምሩትን ሁሉ እየለካችሁ 1 ሺህ ኪሎ ሜትር ንዱ። ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ አንድ ጉዞ ይበቃል። በብዙ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች በመለኪያው ዘንግ ታችኛና ላይኛ ምልክት መካከል ያለው ወደ 1 ሊትር ይጠጋል፤ በትንንሽ ሞተሮች ያንሳል።

በ1 ሺህ ኪሎ ሜትር እስከ 0.3 ሊትር የሚበላ አሮጌ ሞተር አይነካ። ከ0.3 እስከ 1 ሊትር ባለው ውስጥ ከሆነ ሞተር ሳይወርድ የሚሠሩት ሥራዎች በተራ ይሞከራሉ። የብዙ ቶዮታዎች የባለቤት መመሪያ ራሱ የመጨረሻ ገደብ የሚያደርገው 1 ሊትርን ነው፤ ከዚያ ካለፈ ወይ ይከፈታል ወይ ይሸጣል።

ዘይቱ መቃጠሉንም አረጋግጡ። ማታ ከሥሩ ካርቶን አንጥፉና ጠዋት እዩ። ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛ ራስ) ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) የሚወጣ ዘይት ትኩስ የጭስ ማውጫ ላይ እየተንጠባጠበ እዚያው ስለሚነድ መሬት ላይ ምልክት አይተውም፤ ሽታው ግን መኪናው ሲቆም ይመጣል። የኮሎው (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) የፊትና የኋላ ኦይል ሲል (የዘይት ማገጃ)፣ የዘይት ግፊት ሴንሰሩና የፊልትሮው ዙሪያ በባትሪ ብርሃን ይታዩ። ነጭ ጭስ ከራዲያተር ውኃ መጉደል ጋር ከመጣ ግን ሌላ በሽታ ነው፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው የሚፈተሸው።

ዓባይ በረሃ ላይ የሚታየው

ከደጀን እስከ ድልድዩ መንገዱ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ከድልድዩ ወዲያ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ጎሃ ጽዮን ይወጣል። ዘይት ለሚበላ ሞተር ከዚህ የተሻለ ምርመራ የለም፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ከኋላ በሚከተል መኪና ውስጥ ጭሱን የሚያይ ሰው ይኑር፤ አለበለዚያ ረዳቱ በጎን መስታወት ይከታተል።

ቁልቁለቱን በ2ኛ ወይም በ3ኛ ማርሽ ነዳጅ ሳትሰጡ ስትወርዱ የአየር መግቢያው በር ዝግ ስለሆነ ሞተሩ በኃይል ይስባል። የባልቮላው ጎሚኒ ደርቆ ከሆነ በባልቮላው ግንድ ዙሪያ ያለው ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ይሳባል። ረጅም ከወረዳችሁ በኋላ ነዳጅ ስትሰጡ ወፍራም ሰማያዊ ጭስ አንዴ ቦግ ብሎ በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ከጠፋ ጥርጣሬው ጎሚኒው ላይ ነው። ጠዋት ሞተር ሲነሳ ብቻ ጭሶ የሚጠራም እንደዚሁ ነው፤ ሌሊቱን የተንጠባጠበው ነው የነደደው። የዘይት ፋሻው ያለቀ ሞተርም ቁልቁለት ላይ ይስባል፤ ስለዚህ ዳገቱን ሳታዩ አትፍረዱ። ዳገቱን በ2ኛ ማርሽ ነዳጅ ረግጣችሁ ስትወጡ ሰማያዊው ጭስ ሳይቋረጥ ከተከተላችሁ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው። ዳገቱ ላይ ንጹሕ ሆኖ ከቁልቁለት በኋላ ብቻ የሚያጨስ ሞተር ቴስታታው ሳይነሳ ሊድን ይችላል።

ከዚያ ካንዴላዎቹን (እሳት የሚጭሩትን) በቅደም ተከተል አውጥታችሁ ደርድሩ። አንዱ ብቻ በዘይት ከራሰ ችግሩ የዚያ ሲሊንደር ነው። አራቱም እኩል ከራሱ የጋዝ መተንፈሻውን ወይም የሁሉንም ፋሻ ጠርጥሩ። ነጩ ሸክላ በአንድ ጎኑ ብቻ ቅርፊት ከያዘ ብዙውን ጊዜ ጎሚኒ ነው። በመጨረሻ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው) ሲሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። ስስ እንፋሎት ችግር የለውም፤ ከጀበና አፍ እንደሚወጣው ደጋግሞ የሚገፋ ጭስ ከሆነ ግን ጋዙ በፋሻው እያለፈ ነው።

ኮምፕሬሽን ሲለካ ከፍታው ይታሰብ

ብዙ ደህና ሞተር በከንቱ የሚወርደው እዚህ ላይ ነው። በመጽሐፍ የተጻፈው የኮምፕሬሽን (ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ንባቡ ወደ 20 ከመቶ ይቀንሳል። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,450 ሜትር ስለሆነች ወደ 25 ከመቶ ይቀንሳል፤ እንጅባራም ከዚያ ብዙ አትርቅም። ለምሳሌ መጽሐፉ የአዲስ ሞተር ልክ 190፣ ዝቅተኛው 142 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ነው ካለ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ የአዲሱ ልክ ወደ 142፣ ዝቅተኛው ወደ 106 ይወርዳል። ደብረ ማርቆስ ላይ 125 ያሳየን ሞተር መጽሐፉን ብቻ አይቶ «ሞቷል» የሚል ሰው ጤነኛ ሞተር ሊያፈርስ ነው።

አለካኩም ወሳኝ ነው፦ ሞተሩ ይሙቅ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉም ይውጡ፣ የነዳጅና የእሳት ሶኬቶች ይነቀሉ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ ሞተሩ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር እኩል ጊዜ ይሽከርከር። ከቁጥሩ ይበልጥ የሚናገረው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ15 ፒኤስአይ በላይ ከተራራቁ ምክንያት አለ። በዝቅተኛው ሲሊንደር አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምራችሁ ድገሙ። ከፍ ካለ ፋሻ ወይም ሲሊንደር ነው፤ ካልተነቃነቀ ባልቮላው መቀመጫው ላይ በደንብ አለመግጠሙ ነው።

ኮምፕሬሽኑ ጥሩ ሆኖም ሞተሩ ዘይት ሊበላ ይችላል። ጎሚኒ ኮምፕሬሽንን አይነካም። ከፒስቶኑ ሦስት ፋሻዎች ዘይት የሚጠርገው የታችኛው ነው፤ እሱ በካርቦን ተጣብቆ የላይኞቹ ሁለቱ ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2002 መካከል የተሠሩ 1ዜድዜድ ሞተር ያላቸው ኮሮላዎች በዚህ ይታወቃሉ፤ ከዘይት ፋሻው ጀርባ ያሉት የመመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብና ጥቂት ስለሆኑ ይደፈናሉ። ቶዮታ ኋላ ላይ ፒስቶኑን አሻሽሎታል።

እየጨመሩ መንዳት

ሒሳቡ ቀላል ነው። በ1 ሺህ ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር የሚበላ፣ በዓመት 15 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በዓመት 7.5 ሊትር ጭማሪ ይፈልጋል። የ7.5 ሊትር ዘይትና የአንድ ዙር ካንዴላ ዋጋ ደምሩና ከጋራዡ ዋጋ ጋር አስተያዩ። ለከተማ ውስጥ መኪና ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው ይኸው ነው።

ሞተሩን የሚገድለው ዘይት ማቃጠሉ ሳይሆን ዘይት ጎድሎ ዳገት መውጣቱ ነው። የቪትዝ ሞተር የሚይዘው ከ3 እስከ 4 ሊትር ባለው ውስጥ ነው፤ ሊትር ተኩል ጎድሎ በዓባይ ጠመዝማዛ ሲታጠፍ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ብሮንዚኑ (ኮሎው የሚሽከረከርበት ማረፊያ) ይደርቃል፣ ኮሎው ይነክሳል። ቀዩ የዘይት መብራት የሚያሳየው የግፊት መጥፋትን እንጂ የመጠን መጉደልን አይደለም፤ እሱን የሚጠብቅ ሰው ዘግይቷል። ነዳጅ ሁለት ጊዜ በተቀዳ ቁጥር፣ በተለይ ደጀን ላይ ቁልቁለቱ ሳይጀመር፣ መለኪያው ይታይ። ከላይኛው ምልክት ማሳለፍም ጉዳት ነው፦ ኮሎው ዘይቱን ይመታዋል፣ አረፋ ይሆናል፣ በመተንፈሻው ተስቦ ጭራሽ ይነድዳል። ጭማሪው የዘይት ለውጥን አይተካም፤ በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ከፊልትሮው ጋር ይለወጥ። ከሌላ መኪና የወጣ ያገለገለ ዘይት መጨመር ግን የብረት ብናኝ ወደ ብሮንዚን መላክ ነው፤ አይደረግ።

መጠኑ ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ ዘንጉ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ደግሞ ነዳጅ እየተቀላቀለ ነው። ዘይቱ ቀጥኗል፤ ወዲያውኑ ይለወጥ፣ ምንጩ ይፈለግ።

ወፍራም ዘይት

ከ5ደብልዩ-30 ወደ 10ደብልዩ-40፣ ከዚያ ወደ 20ደብልዩ-50 መሄድ ለአሮጌ ሞተር ፍጆታውን ሊቀንስ ይችላል። የጎጃም ብርድ፣ የእንጅባራም ጠዋት ቢሆን፣ 20ደብልዩን አያግደውም። ነገር ግን ቪቪቲ ያለው ሞተር የባልቮላ ጊዜውን የሚያስተካክለው በዘይት ግፊትና በቀጫጭን መተላለፊያ ስለሆነ ለእሱ 10ደብልዩ-40 ላይ ብትቆሙ ይሻላል። ቪቪቲ የሌላቸው የድሮ ኮሮላዎች 20ደብልዩ-50 ይሸከማሉ። ወፍራም ዘይት የተጣበቀ ፋሻ አያላቅቅም፣ የደረቀ ጎሚኒም አያለሰልስም፤ ጊዜ ይገዛል። በቆርቆሮ የሚሸጠው ማወፈሪያ መኪና ሊሸጥ ሲል ጭስ ለመደበቅ የሚጨመር ነው፤ ገዢ ሆናችሁ ዘይቱ ከመለኪያው ላይ እንደ ልብ የማይንጠባጠብ ከሆነ ተጠራጠሩ።

የጋዝ መተንፈሻውና ፋሻ መዘፍዘፍ

እነዚህ ሁለቱ ከጎሚኒም ከፋሻም በፊት ይሠሩ። ፒሲቪ የሚባለው ትንሽ ባልቮላ ከቴስታታው ክዳን ላይ ይነቀላል፤ ሲወዘወዝ ውስጡ ካልተንቃጨለ ተጣብቋል። በካርቡራተር ማጽጃ ይታጠብ ወይም ይቀየር፤ ቱቦውም ደርቆ ከተሰነጠቀ አብሮ ይቀየር። የተደፈነ መተንፈሻ የኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ቋት) ግፊት ከፍ አድርጎ በሁሉም ኦይል ሲል ዘይት ያስወጣል፤ ክፍት ሆኖ የቀረ ደግሞ ዘይቱ ወደ ሞተር እንዲሳብ ያደርጋል።

ለተጣበቀ የዘይት ፋሻ፦ ሞተሩን አሙቁ፣ ካንዴላዎቹን አውጡ፣ አራቱም ፒስቶኖች መሐል ላይ እኩል እስኪሆኑ ኮሎውን በቁልፍ አዙሩ። በየሲሊንደሩ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር የካርቦን ማጽጃ፣ ካልተገኘም እኩል የተቀላቀለ ናፍጣና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ ጨምራችሁ አሳድሩ፤ በመሐሉ ኮሎውን ጥቂት ጥቂት እያወዛወዛችሁ። ጠዋት ካንዴላ ሳትመልሱ፣ የእሳትና የነዳጅ ሶኬቶችን ነቅላችሁ፣ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ሸፍናችሁ በሞተሪኖ አሽከርክሩ። ፈሳሽ ሳይወጣ ካንዴላ ከተመለሰና ሞተሩ ከተነሳ የፒስቶን ክንድ ይጎብጣል። ወደ ኮፓ የወረደው ዘይቱን ስለሚያቀጥነው መኪናው ሳይነዳ ዘይትና ፊልትሮ ይለወጥ። ለውጡ የሚታወቀው ከቀጣዩ 1 ሺህ ኪሎ ሜትር ልኬት በኋላ ነው። ሲሊንደሩ የተበላ ሞተር በዚህ አይድንም።

የባልቮላ ጎሚኒ

ለባለ 16 ባልቮላ ሞተር 16፣ ለባለ ሦስት ሲሊንደሩ ቪትዝ 12 ጎሚኒ ይገባል። በእጁ የተካነ መካኒክ ቴስታታውን ሳያነሳ ይሠራዋል። ካሙ (ባልቮላዎቹን የሚከፍተው ዘንግ) ከመውጣቱ በፊት የሰንሰለቱ ወይም የቺንጊያው ምልክት ይሰመር። ባልቮላው ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ በካንዴላው ቀዳዳ ንጹሕ የናይለን ገመድ ይገባል፣ ጫፉ ውጭ ይቀራል፣ ከዚያ ኮሎው በእጅ ሲዞር ፒስቶኑ ገመዱን ከባልቮላዎቹ ሥር ያጭቀዋል፤ ኮምፕረሰር ካለ በአየር መያዝም ይቻላል። ኮሎው ሲዞር አንድ ሰው ሰንሰለቱን ወጥሮ ይያዝ። የባልቮላው ትንንሽ መቆለፊያዎች ሲፈቱ ይዘላሉ፤ በዘይት መመለሻው ቀዳዳ ከገቡ ኮፓ ይወርዳል፤ ስለዚህ ቀዳዳዎቹ ሁሉ አስቀድመው በጨርቅ ይደፈኑ።

በብዙ ቶዮታዎች የመግቢያውና የመውጫው ጎሚኒ ቀለሙ ይለያል፤ አይቀላቀል። አዲሱ ጎሚኒ ዘይት ተቀብቶ በእጅ ግፊት ይግባ፤ በመዶሻ የገባ ከንፈሩ ይቀደዳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ባልቮላው በጎን ሲወዘወዝ ከተንቃጨለ መሪው (ግንዱ የሚንሸራተትበት ቱቦ) ተበልቷል፤ አዲስ ጎሚኒ በጥቂት ወራት ይፈርሳል። ያኔ ቴስታታው ተነስቶ ወደ ሬቲፊካ ቤት (የሞተር ክፍሎች በማሽን የሚስተካከሉበት) መሄድ አለበት።

ፋሻ ብቻ ወይስ ሙሉ ሞተር?

ቴስታታና ኮፓ ወርዶ «ፋሻ ብቻ ቀይሩልኝ» ማለት ርካሽ ይመስላል። የሚሠራው ሲሊንደሩ ክብነቱን ከጠበቀ ብቻ ነው። የሲሊንደሩ የላይኛውና የታችኛው ስፋት ልዩነት ከ0.1 ሚሊ ሜትር ካለፈ አዲስ ፋሻ አይገጥምም፤ ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ቆይቶ ጭሱ ይመለሳል። መካኒኩ በሲሊንደር መለኪያ ሳይለካ «ደህና ነው» ካለ ሥራውን አትስጡት። ለኩ፤ ከተበላ በ0.50 ሚሊ ሜትር አስፍቶ ትልቅ ፒስቶን ማስገባት ነው፤ እግረ መንገዱን ብሮንዚንና የዘይት ፓምፕ ይታያሉ። ሲገጠም የፋሻው ጫፍ ክፍተት ሲሊንደር ውስጥ ይለካ፤ በእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ከ0.25 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ፊደል ያለበት ፊቱ ወደ ላይ ይሁን፤ የፋሻዎቹ ክፍተቶችም በአንድ መስመር አይደርደሩ።

አየር ማጣሪያውን ያላስተካከለ ሰው ይህን ሁሉ ገንዘብ አቧራ ላይ ነው የሚያፈሰው። የጠጠር መንገድ የሚነዳ መኪና ማጣሪያ ቤቱ ተሰንጥቆ ወይም ቱቦው ላልቶ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ፋሻ የፈጨው አቧራ ሁለተኛውንም ይፈጨዋል።

ከተሠራ በኋላ የመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር ወሳኝ ነው፦ ተራ ማዕድናዊ 15ደብልዩ-40፣ ረጅም ሚኒሞ የለም፣ ፍጥነቱ ይቀያየር፣ ጭነት አይብዛ፤ 500 ላይ ዘይትና ፊልትሮ ይለወጥ። ፋሻው ሲሊንደሩን የሚለምደው መጠነኛ ጫና ሲያገኝ ነው።

ያገለገለ ሞተር

ከሶማሌ ተራ (ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ) የሚመጣ ያገለገለ ሞተር ከሙሉ ሥራ ሊረክስ ይችላል፣ ፈጣንም ነው። ግን የሌላ ሰውን በሽታ መግዛትም ሊሆን ይችላል። ሳይገጠም ኮምፕሬሽኑ ይለካ፣ የዘይት ክዳኑ ሥር ይታይ፤ ጥቁር ጭቃ ካለ ተውት። ካንዴላዎቹ ከራሱ ተውት። ከመግባቱ በፊት የኋላውን ኦይል ሲል፣ የውኃ ፓምፑንና ጎሚኒዎቹን ቀይሩ፤ ሞተሩ ውጭ ሳለ የእጅ ዋጋው ትንሽ ነው። ሶኬቶቹና ኮምፒውተሩ ከመኪናችሁ ጋር መግጠማቸውም ይረጋገጥ። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ስለተጻፈ ያለ ሕጋዊ ሰነድ የመጣ ሞተር በዓመታዊ ምርመራና በሽያጭ ጊዜ ያስራችኋል፤ የግዢውን ወረቀት ሳትይዙ ገንዘብ አትክፈሉ።

ናፍጣ ከሆነ

አብዛኛው የናፍጣ ሞተር የአየር መግቢያ በር ስለሌለው የቁልቁለቱ ምርመራ አይሠራበትም፤ ዳገቱና የዘይት ክዳኑ ናቸው የሚናገሩት። ጥቁር ጭስ ነዳጅ ነው፣ ሰማያዊ ዘይት ነው። ቱርቦ ያለው ከሆነ ከፋሻው በፊት የቱርቦውን ቱቦ ፈትታችሁ ዘይት መኖሩን እዩ። የቱርቦው ሲል ከተበላሸ ሞተሩ የራሱን ዘይት እያነደደ ቁልፍ ቢጠፋም ላይቆም ይችላል፤ ያኔ ፍሬን ተይዞ ትልቅ ማርሽ ገብቶ ፍሪሲዮን በመልቀቅ ይታፈናል። በብዙ የአይሱዙ ሞተሮች የሲሊንደሩ ሸሚዝ ተነቅሎ ስለሚቀየር፣ ሞተር ማሠራት ለጭነት መኪና ከቤት መኪና ይልቅ ያዋጣል።

መሸጥ

ኮሎው መንኳኳት የጀመረ፣ ከ1 ሊትር በላይ የሚበላ፣ አካሉም የዛገ መኪና ላይ ሞተር አይሠራም። አካሉና ካምቢዮው ደህና ከሆነ ግን ሞተሩን አሠርቶ መያዝ፣ በማይታወቅ ሌላ አሮጌ መኪና ከመለወጥ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ከሸጣችሁ ወፍራም ዘይት ሞልታችሁ ጭሱን አትደብቁ፤ ገዢው ዘይቱን ሳያይ ዓባይን ሊወጣ ይችላል። የ1 ሺህ ኪሎ ሜትሩን ልኬትና የኮምፕሬሽኑን ቁጥር፣ የተለካበትን ከተማ ጨምራችሁ፣ በወረቀት ጽፋችሁ ከሊብሬው ጋር ስጡት፤ ዋጋውንም በዚያው ላይ ተነጋገሩ።